ዞማና ዜማ

ሰው ትርጓሜውን የማያውቀውን ቃል ቢዘፍን ሐሰት ተናገረ ይባላልን? ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በእኔ ላይ በደረሰ ነገር ምክንያት ብዙ ቀን ሳወጣና ሳወርደው ስለ ከረምሁ፥ ያሰብሁትን ብቻ ሳይሆን ያጠፋሁትንም ጭምር ለአንባብያን ልገልጽ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት የምትማር አንዲት ብላቴና ከጉባኤው በኋላ ወደ እኔ ቀርባ፥ «የኔታ፥ ዞማ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃሉን ከወዴት እንደ ሰማችው ብጠይቃት ጥቂት አፍራ ከዘፈን መሆኑን ነገረችኝ። እጅጋየሁ ሽባባው፥ ሕዝቡ ጂጂ የሚላት፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በስሟ ባወጣችው አልበም ውስጥ «ዞማዬ» የሚባል ዘፈን አለ፤ «ጉራማይሌ» የሚባልም አለ። ብላቴናይቱ ዘፈኑ ሲወጣ ገና አልተወለደችም፤ ከእናቷ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች፤ ስትዘፍነውም አንድ ቃል አትስትም፤ ዞማን ግን አታውቀውም። እኔ በዚያች ሰዓት የመለስሁላትን መልስ ወደ ኋላ እናገረዋለሁ። አስቀድሞ ግን ጥያቄዋ በልቤ የቀሰቀሰውን ላውጋ።

እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘፈን ሲነሣ ፊታችንን ማጥቈር ልማዳችን ነው። ይልቁንም ዘፋኙ የማያውቀውን ቃል ሲያመላልስ ስንሰማ እንስቃለን። እኔም ልጅቱ ስትጠይቀኝ አስቀድሞ በልቤ የመጣው ይኸው ነበር፤ «የማታውቂውን ቃል ስለ ምን በአፍሽ ታመላልሻለሽ?» ብዬ ልገሥጻት ቃጣኝ። ዳሩ ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝና አፈርሁ። እኔ ራሴ ዳዊት ስደግም፥ መቶ ኀምሳውን መዝሙር በቃሌ ስይዝ፥ ግዕዙ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ንባብ ቤት የገባ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ድምፁ ይቀድማል፥ ትርጓሜው ይከተላል፤ ለብዙው ልጅ ግን ሳይከተለው ይቀራል።

ይህም የልጆች ነገር ብቻ ነው እንዳይባል፥ በዕለተ ስቅለት በየአጥቢያው የሚሆነውን እናስብ። ሕዝቡ ዐፀዱን ሞልቶ ሲሰግድ ኪርያላይሶን ሲል ይውላል። ይህ ቃል ጽርእ ነው፤ አቤቱ ማረን ማለት ነው። ከእርሱም ጋራ እብኖዲ፥ ታኦስ፥ ትስቡጣ የሚሉ ቃላት አሉ፤ እብኖዲ የቅብጥ ቃል ነው፥ አምላክ ማለት ነው፤ ታኦስና ትስቡጣ ከጽርእ የመጡ ናቸው፥ ያኛው አምላክ ይኸኛው ጌታ ማለት ነው፤ ከየአንዳንዳቸው በኋላ የምንለው ናይንም ቅብጥ ነው፥ ማረን ማለት ነው። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ጳጳስ ከእስክንድርያ ሲመጣልን በኖርንበት በዚያ ረጅም ዘመን ቃላቱ ወደ እኛ መጥተው፥ በአፋችን ጥቂት ተለውጠው፥ እነሆ ቅብጥ የሚባል ቋንቋ መኖሩን እንኳ ያልሰማ ገበሬ ከነልጆቹ እያለቀሰ ይላቸዋል። ያ ገበሬ ሐሰት ተናገረን? ማንም እንዲህ አይልም። አፉ የማያውቀውን ጉልበቱ ያውቀዋል፤ ስለ ምን እንደሚወድቅና እንደሚነሣ ያውቃልና። ሲመሽም ወደ ቄሱ ቀርቦ «አባቴ፥ ትስቡጣ ምንድር ነው?» ቢላቸው የሚነግሩት ሰው አለ፤ ወይም ሊኖር ይገባል።

ስለዚህ ነውሩ ባለማወቅ ላይ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በፊተኛው መልእክቱ፥ በ14ኛው ምዕራፍ፥ ያልታወቀውን ልሳን ጨርሶ አልከለከለም፤ የሚተረጕም ሰው እንዲኖር አዘዘ እንጂ። ተርጓሚ ከሌለ ዝም ይበል አለ። እኔም ይህን ሳስብ ሳለሁ ነገሩ ከዘፋኙ ወደ ተርጓሚው፥ ይኸውም ወደ እኔ ወደ ራሴ፥ እየቀረበ እንደ ሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

ስውር ቃል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በቅኔ ቤት የለመድነው ስውርነት ሰምና ወርቅ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ቃሉ የታወቀ ነው፥ የተሰወረው ምሥጢሩ ነው። ባማርኛ ዘፈንም ይህ ሞልቷል። በምሳሌ ላስረዳ። ሴቶች በእግራቸው የሚያደርጉት የብር ጌጥ አልቦ ይባላል፤ በግዕዝ ደግሞ አልቦ ማለት የለም ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ድኻ ጐልማሳ ለሚወዳት ልጅ፥

ሌላው ወርቅ ቢሰጥሽ፥ ሌላው ደግሞ ብር፥
በጄ ያለው አልቦ ነው፥ አልዋሽሽም ፍቅር፤

ብሎ ቢዘፍን (ግጥሙ ለምሳሌ ያህል እኔ የገጠምሁት ነውና ድካሙን አንባቢ ይለፈኝ) ሰሙን የሰማች ልጅ የእግር ጌጥ ትጠብቃለች፤ ወርቁን የሰማች ግን ባዶ እጁን ታያለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ ጐልማሳውም እንዳለው አልዋሻትም። አሁን ግን ሦስተኛይቱን ልጅ እናስባት። እናቷ አልቦ አድርጋ አላየቻትም፥ ግዕዝም አልተማረችም። ለእርስዋ ይህ ቃል ሰምም ወርቅም የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው ደስ ብሏት ትዘፍነዋለች። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለዚህች ስለ ሦስተኛይቱ ልጅ ነው፤ በዘመናችን ከሁሉ የበዛች እርስዋ ናትና።

ይህች ልጅ ዘፈኑን ባትዘፍነው ቃሉ ወዴት በሄደ ነበር? የካቲት 23 ቀን የዓድዋ በዓል ሲከበር የሚሰማውን ፉከራና ቀረርቶ ልብ ብላችሁ ስሙ። ሰናድር ይላል፥ ውጅግራ ይላል። ሰናድር ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈው የጠመንጃ ስልት ነው፤ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ይዘውት መጥተዋል። ውጅግራ ደግሞ ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉት፥ ግራ የተባለው መኰንናቸው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ያሳመረው ጠመንጃ ነው። የአገራችን ጆሮ ሁለቱን ቃል አጋጥሞ አንድ አደረጋቸው። ዛሬ በመድረክ የሚፎክረው ወጣት ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ግራ የሚለውን ሰምቶ በግራ እጁ የሚተኵስ ጀግና ነው ቢል አይፈረድበትም። ጠመንጃው ከሰው ትከሻ ወርዶ በመዘክር ቤት ተሰቅሏል፤ ስሙ ግን ከአፍ አልወረደም። መዝገብ ያልያዘውን ፉከራ ይዞታል።

ዘፈንም ቢሆን ቃሉን ለዘለዓለም አያቆይም፤ የሚጠይቅ ከሌለ ድምፁ ይቀራል እንጂ ፍቺው ይጠፋል። ባማርኛ ተጽፈው ከተገኙት ሁሉ እጅግ ጥንታውያን የሆኑት ዘፈኖች ናቸው፤ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን፥ ለዐፄ ይስሐቅ፥ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ለዐፄ ገላውዴዎስ የተዘፈኑ ውዳሴዎች ናቸው። ኢጣልያዊው ሊቅ ኢግናጥዮስ ጕዊዲ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም. አሳትሟቸዋል። ዓምደ ጽዮን በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሠ ነው። የነገሥታቱን ስም፥ የአገሮቹን ስም እንለያለን፤ በመካከሉ ግን ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ቃል ብዙ ነው። ያን ጊዜ ዘፈኑን በአደባባይ ሰምቶ ልቡ የሞቀ ወታደር ሁሉ ቃሉን ያውቀው ነበር። ማንም ግን ፍቺውን አልጻፈውም፤ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ይጽፋል? ይህን ባሰብሁ ቍጥር ይቈጨኛል። አንድ ልጅ ብቻ በዚያ ዘመን ተነሥቶ «አባቴ፥ ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ፥ አባቱም መልሶለት፥ ጸሓፊም ሰምቶ በብራናው ዳር ቢያኖረው ኖሮ!

የኋለኞቹ አባቶቻችን ይህን አውቀው ደክመዋል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ ግስና መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀበሉ፤ ዕድሜያቸውን ፈጅተውበት በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራ ሰጡ፤ መጽሐፉም በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አለቃ ደስታም ደግሞ የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። ሦስት ሰው በአንድ አደራ! ከእነርሱ ያየሁት ትልቁ ነገር ዕውቀታቸው አይደለም፤ ቃል የራሳቸው ገንዘብ እንዳልሆነ ማወቃቸው ነው።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ስውርነት ልናገር። ግጥሙ ሰም የለው፥ ወርቅ የለው፤ ከግዕዝ ሦስት ቃል፥ ከአሮጌ አማርኛ ሁለት ቃል ለቅሞ በዜማው ላይ የሚነሰንስ ገጣሚ አለ። ሰሚው «ምን ያህል ጥልቅ ነው!» ይላል፤ ጥልቅነቱ ግን ውሃ የሌለው ጕድጓድ ጥልቅነት ነው። ይህ በሽታ ከከተማ ዘፋኞች ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ፤ ቅኔ ቤት ውስጥም አውቀዋለሁ። ጓደኛችን አንድ ቀን ጉባኤ ቃና ሲቀኝ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ግስ አገባበት። ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ እኛ ግን ቀናንበት። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰምተው «ግሱን ፍታው» አሉት። ፈታው። «ወርቁንስ?» አሉት። ዝም አለ። «እንግዲያው ልጄ፥ መሶቡን አሳየኸን፥ እንጀራ የለበትም» አሉት። እኛም ሳቅን፤ እርሱም ሳቀ። እኔ ግን የሳቅሁት ለሌላ ሰው እንደ ሆነ አድርጌ ነበር።

ከዚህ ለይቼ የማየው የአዝማሪዎችን የውስጥ ቋንቋ ነው። አዝማሪዎች ተጋባዡ እንዳይሰማቸው እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ስውር ቋንቋ አላቸው፤ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ስውር ቋንቋዎች ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የመሰለውን ሁሉ ሰብስቧል። ያ የሞያ ምሥጢር ነው፤ ለሰሚው ተሰጥቶ የተነፈገ ነገር አይደለምና ማንንም አያታልል።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ልጅቱ «ዞማ ምን ማለት ነው?» ስትለኝ አላውቀውም ነበር። ቃሉን ሰምቼዋለሁ፥ የቈንጆ ጸጉር መሆኑም በደንብ ሳይሆን በጭላንጭል ይታየኛል፤ ከዚህ በቀር የማውቀው አልነበረም። ሌሎችም ልጆች ከበቡን። ሠላሳ ዓመት ያህል ቃል ስፈታ የኖርሁ ሰው ለአንዲት ብላቴና አላውቅም ማለት በዚያች ሰዓት እንደ ሞት ከበደኝ። አፌም ከልቤ ቀድሞ እንዲህ አለ፦ «ዞማ ከግዕዙ ዜማ የወጣ ነው፤ ዜ ወደ ዞ ተለወጠ። ዜማ በጆሮ እንደሚፈስ ዞማም በትከሻ ላይ ይፈሳልና ስለዚህ ተባለ።» ልጆቹ ደስ አላቸው። እውነቱን ልናገርና እኔንም ደስ አለኝ፤ አማረኝ። ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። የትርጓሜ መምህር አንድም እያለ ሲያወርድ እያንዳንዱን አንድም ከአባቶቹ ተቀብሎ ነው፤ እኔ ግን የገዛ ልቤን ድርሰት የአባቶችን ቀሚስ አልብሼ ሰጠኋት።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። የዘመን መለወጫ ዕለት ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉባኤ አድርጎ ወላጆች ሲጠሩ፥ ያች ብላቴና ወጥታ «የኔታ እንዳስተማሩን» ብላ የዞማንና የዜማን ዝምድና በሚያምር ቃል አነበበች። ሰው አጨበጨበ። አንዳንዱም ንባቧን በስልኩ ቀርጾ ወደ ወዳጆቹ ላከ። እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ ራሴን ዝቅ ከማድረግ በቀር ምንም አላልሁ።

ስንወጣ አንዲት አሮጊት እጄን ያዙኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሹሩባ እየሠሩ ልጆች ያሳደጉ፥ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል።

«የኔታ፥ ዜማውን እርስዎ ያውቁታል፤ ዞማውን ግን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ይንገሩኝ እስቲ እማማ» አልሁ።

«ዞማ ማለት ልስልስ ያለ፥ ተኝቶ የሚወርድ፥ ከጣት የሚያመልጥ ጸጉር ነው። ሹሩባ ቢሠሩት አይጸናም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይፈታል። ለዘፋኙ ደስ ይለዋል፤ ለሠሪው ግን አበሳ ነው። ዜማ ከዚህ ምን አገባው?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ቃሉ ከጣታቸው ውስጥ ነበር፤ ከእኔ ቤት እስከ እርሳቸው ቤት አምሳ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም። ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኝ ይህን መላልሼ አሰብሁ፤ ልጅቱ የማታውቀውን ቃል ስትዘፍን አልዋሸችም፤ እንዲያውም ከማንም ይልቅ ታማኝ ሆና፥ እንደ ሰማችው ሳታጐድል ይዛ፥ ያውቃል ወዳለችው ሰው አመጣችው። የዋሸሁ እኔ ተርጓሚው ነኝ። ከዚህም የከፋው፥ ፍቺ ያልተገኘለት ቃል ሰውን ጠይቅ ጠይቅ ይለዋል፤ በሐሰት የተፈታ ቃል ግን ጠያቂውን ያሳርፈዋል። እማማ ባይናገሩ ኖሮ ከእንግዲህ በዚያ ሰፈር ዞማን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ምናልባት አንባቢ «ስለ አንድ የጸጉር ስም ይህ ሁሉ ንስሓ ምንድር ነው?» ይለኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ያችው ብላቴና ነገ ስለ ኪርያላይሶን፥ ስለ ትስቡጣ ትጠይቀኛለች፤ የዞማውን በተናገርሁበት ድምፅ የዚያንም እነግራታለሁ። ድምፄ አንድ ነው። የቱ የተቀበልሁት፥ የቱ የፈጠርሁት እንደ ሆነ በምን ትለየዋለች?

በሚቀጥለው እሑድ በልጆቹ ፊት ቆሜ ስለ ዞማ ያልኋችሁ ከልቤ የፈጠርሁት ነው፥ የቃሉን ሥር አላውቀውም፥ የሚያውቁት እማማ ናቸው፥ እርሳቸውም ያሉት እንዲህ ነው ብዬ ነገርኋቸው። እማማንም ለምኜ አምጥቼ ከአጠገቤ አስቀምጫቸው ነበር። ልጆቹ ጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ያች ብላቴና እጇን አነሣችና፥

«የኔታ፥ የፊተኛው ግን ያምር ነበር» አለች።

«አዎን ልጄ፥ ያምር ነበር» አልኋት።

ደብተሯን ገልጣ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ ከበታቹም የእማማን ቃል ጻፈች። ቀና ብላም «ጉራማይሌስ?» አለች። ቃሉን የከተማ ሰው የተቀላቀለ ንግግር ለማለት ሲጠቀምበት ሰምቻለሁ፤ ያንን ልነግራት አፌን ስከፍት፥ እማማ በክንዴ ነካ አደረጉኝ። እየሳቁም በአውራ ጣታቸው የላይኛውን ከንፈራቸውን ገለጥ አደረጉት። ድዳቸው ተነቅሷል፤ አንዱ ስፍራ ጠቍሮ፥ አንዱ ስፍራ ቀይ ሆኖ፥ ተራ በተራ። ልጆቹ ሁሉ ተነሥተው ከበቧቸው፤ ብላቴናይቱም እርሳሷን በእጇ እንደ ያዘች ጐንበስ ብላ ስታይ ቈየች።